አፈር ይላማል እንጂ አይፈጭም፤ ስለ ቅጠላ ቅጠል መደብ አዘገጃጀት የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ አትክልት አምራቾች እጅ የገባ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ለጎመን፣ ለቆስጣ፣ ለሰላጣና ለመሳሰሉት ቅጠላ ቅጠሎች መሬት የሚዘጋጅባቸውን አራት መንገዶች ያነጻጽራሉ፤ በበሬ ማረሻ፣ በዶማ፣ በትራክተርና ሳያርሱ። ውድድሩን ትራክተር ያሸንፋል። በዲስክ ማረሻ በጥልቀት መገልበጥ፣ ከዚያም አፈሩ ዱቄት እስኪመስል በሮታቬተር፣ ማለትም በሚሽከረከሩ ምላጮች አፈር በሚያደቅ የትራክተር መሣሪያ፣ ደጋግሞ መከስከስ፣ ለሁሉም ቦታና ለሁሉም ሰብል የሚሠራ መፍትሔ ሆኖ ይቀርባል። ማረሻ ኋላ ቀር፣ ዶማ የጉልበት ብክነት፣ ሳያርሱ ማልማት ደግሞ ቅዠት ተብለው ይታለፋሉ።

ጽሑፉ በንቀት የሚታይ አይደለም። ስለ መደብ ዝግጅት በአማርኛ ይህን ያህል የደከመ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው፤ ቡቃያ የሚሳሳው በዘር ጥራት ማነስ ብቻ አይደለም የሚለው መነሻቸውም ትክክል ነው። ነገር ግን ደሴ አጠገብ ባለችው ገራዶ ላይ ጎመንና ቆስጣ፣ ወደ ኮምቦልቻ ከሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት በታች ደግሞ ሰላጣ የማመርት ሰው ነኝ፤ ምክሩን እንዳለ የተከተለ ጎረቤት ገንዘቡንም አፈሩንም ይጎዳል ብዬ ስለማምን ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ። ከነጥቦቹ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ክርክሬ አንድ ነው። መደብ የሚሠምረውም የሚበላሸውም መሣሪያው አፈሩን ባገኘበት እርጥበት ነው፤ በሬ ይሁን ሞተር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ከማስረጃቸው ልጀምር። ጽሑፉ የቆመው በሁለት ተጎራባች ማሳዎች ላይ ነው። በትራክተር የታረሰው ለምልሟል፤ በበሬ የታረሰው ሳስቷል። ጸሐፊው ዝርዝሩን በቅንነት ስላስቀመጡልን ሊመሰገኑ ይገባል፤ ድምዳሜያቸውን የሚያፈርሰውም ይኸው ዝርዝር ነው። ትራክተር የገባበት ማሳ የበሰበሰ ፍግ ተበትኖበታል፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ጠጥቷል፣ ዘሩም ከታሸገ ጣሳ የወጣ ነው። በሬ የገባበት ማሳ ፍግ አላየም፣ ውሃ የሚደርሰው በተራ ነው፣ ዘሩም ባለቤቱ ከአምናው ያስቀረው ነው። ፍጉ፣ ውሃውና ዘሩ ተለያይተው ሳለ ምስጋናውን በሙሉ ለማረሻው ዓይነት መስጠት ከየት የመጣ ፍርድ ነው?

ከዚህም የባሰ አለ። በትራክተሩ ማሳ ከተዘራው ፍሬ ቁጥር በላይ ቡቃያ መውጣቱን ጸሐፊው በአድናቆት ይነግሩናል፤ ይህንንም የሮታቬተሩ በረከት ያደርጉታል። የቆስጣ ዘር የምንለው ያ ሸካራ ፍሬ እኮ አንድ ዘር አይደለም። በአንድ ቅርፊት የተጣበቁ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ ዘሮች ናቸው። አንድ ፍሬ ተዘርቶ ሦስት ቡቃያ በማረሻም ይወጣል፣ በዶማም ይወጣል፣ አሮጌ ጣሳ ውስጥ በተሞላ አፈርም ይወጣል። ቆስጣ የሚዘራ ሰው ሁሉ ችግኙን የማሳሳት ሥራ የሚጠብቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ንጽጽር ለማድረግ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንዱን ማሳ በቁመቱ ወደ ረጃጅም ቁራጮች መክፈል፤ እያንዳንዱን አሠራር ማሳው ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቦታ መደጋገም፣ ምክንያቱም በየትኛውም ማሳ አንዱ ጥግ ሁልጊዜ ከሌላው ይለማል፤ ዘሩን ከአንድ እሽግ፣ በአንድ ቀን፣ በእኩል ጥልቀት መዝራት፤ ፍጉንና ውሃውን ማስተካከል። ከዚያም ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ እየጣሉ ቡቃያውን በ10ኛውና በ20ኛው ቀን መቁጠር፣ ሲደርስ ቅጠሉን መመዘን፣ ከጎኑም የወጣውን ብርና የሰው ጉልበት መጻፍ ነው። ጸሐፊው እንዲህ ያለ መዝገብ ይዘው ቢመጡ ኖሮ ይህ ምላሽ በጣም አጭር ይሆን ነበር።

ቀጥሎ ማረሻን በተመለከተ። ማረሻ አፈርን ይቧጭራል እንጂ አያርስም ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። የእኛ ማረሻ አፈር አይገለብጥም፤ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ትልም ይከፍታል፣ በሁለት ትልም መካከልም ያልተነካ አፈር ይተዋል። ገበሬ መጀመሪያ የገመሰውን መልሶ በአግድም የሚደግመው፣ ቀጥሎም የሚያለሰልሰው ይህን ያልተነካ አፈር ለማግኘት ነው። ግመሳው ብዙውን ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ በድግግሞሽ ወደ 15 ይጠጋል። በአንድ ጥልቀት ዘመን ከዘመን ሲታረስ ደግሞ ከማረሻው ጫፍ ሥር ጠጣር ንጣፍ ይፈጠራል። እስከዚህ ድረስ አንጣላም።

የሚያጣላን ከዚህ ተነሥተው ማረሻ ለጎመን አይሆንም ማለታቸው ነው። አለመገልበጡ ጉድለት የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ጥቅም የሚሆንበትም አለ። በጦሳ ተራራ ግርጌና በደሴ ዙሪያ ባሉ ተዳፋት ማሳዎች ላይ ያለው አፈር ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይና ነጣ ያለ መሬት ነው። ይህን በዲስክ ገልብጦ ላይ ማውጣት ማለት ለዘመናት ፍግና ቅጠል የበላውን አፈር ቀብሮ የተራበውን ለቡቃያ ማቅረብ ነው። ማረሻ ደግሞ ሊሻሻል የማይችል ቅርስ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር ሁለት ማረሻዎችን አጣምሮ ለዋልካ፣ ማለትም ለጥቁሩ ሸክላ አፈር፣ ሰፊ መደብና የውሃ መውረጃ ቦይ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ መሣሪያ አበጅቷል፤ መደቡ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ያህል ነው። የታሰበው በዋናነት ለእህል ቢሆንም ለጎመን መደብ ከዚህ የተሻለ ስፋት ማን ይመኛል?

የማረሻ እውነተኛ ችግር ብረቱ ላይ አይደለም፤ በሬው ላይ ነው። ጥማድ የሌለው አምራች ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። መቀናጆ ደግ ባህል ነው፤ ግን ተራ መጠበቅ አለው፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ የአፈሩ እርጥበት ያለፈበት ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ትራክተርን በዚህ በኩል ቢያቀርቡት ኖሮ፣ ማለትም በፍጥነቱ፣ አብሬያቸው እፈርም ነበር። እርሳቸው ግን ያሞገሱት ጥልቀቱንና ማድቀቁን ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ከመነሻው ያደባለቀውን ነገር ልለይ። መደብ ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ችግኝ የሚፈላበት ጠባብ መደብ ነው፤ ሁለተኛው ችግኙ ተነቅሎ የሚተከልበት ዋና ማሳ ነው። ጸሐፊው ለመጀመሪያው የሚያስፈልገውን ልስላሴ ለሁለተኛው ያዝዛሉ። አንድ ግራም የሰላጣ ዘር ውስጥ ከ800 እስከ 1,000 ፍሬ አለ፤ በአንድ ግራም የጥቅል ጎመን ዘር ውስጥ ደግሞ 250 እስከ 300 ያህል። እንዲህ ያለ ዘር ስንቁ ትንሽ ነው፤ በጥልቀት ከተቀበረ ወይም ጓል ከተጫነው ብርሃን ሳያይ ያልቅበታል። ስለዚህ የማፍያ መደቡ ላይኛው ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር በእጅ መልቀም፣ በሬክ ማስተካከል፣ ድንጋዩንና ሥሩን ማውጣት ይገባዋል። አራት አምስት ቅጠል ይዞ፣ ሥሩ በአፈር ታቅፎ የሚመጣ የጎመን ችግኝ ግን የቡጢ ግማሽ የሚያህል ጓል አያስፈራውም። የሚተከልበት ጉድጓድ ዙሪያ አፈሩ ከሥሩ ጋር ከተገናኘና ውሃ ካገኘ ይይዛል። ለአንድ ጥማድ ማሳ የሚበቃ የጎመን ችግኝ የሚፈላው በጠባብ ቁራጭ መሬት ላይ ነው፤ ያችን ቁራጭ በዶማ ማሳመር ሲቻል ጥማዱን በሙሉ በሮታቬተር መፍጨት ለምን አስፈለገ? በቀጥታ ለሚዘራ ቆስጣና ሰላጣ ጉዳዩ ይለያል፤ እሱም ቢሆን የሚፈልገው የዘር መሥመሩን ልስላሴ ነው።

አሁን ወደ ዱቄቱ እንምጣ፤ ለእኔ የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት ይህ ነውና።

አፈር ጤነኛ ሲሆን ቅንጣቶቹ ተያይዘው ትንንሽ እንክብሎች ይሠራሉ። አሸዋው፣ ደለሉና ሸክላው ለየብቻ አልተቀመጡም፤ የበሰበሰ ቅጠል፣ የሥር ፈሳሽና የጥቃቅን ነፍሳት ሙጫ አጣብቋቸዋል። በእንክብሎቹ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት አየር ያስገባል፣ ትርፍ ውሃ ያሳልፋል፤ በእንክብሉ ውስጥ ያለው ጠባብ ክፍተት ለተክሉ ውሃ ይይዛል። ሮታቬተር በፍጥነት እየተሽከረከረ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ይህን እንክብል ይሰባብረዋል። የተሰባበረው አፈር በደረቀበት ሰዓት ያምራል፤ ፎቶግራፍ ቢነሣ ልብ ይማርካል። ከዚያ የደሴ የበልግ ዝናብ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም በረዶ ቀላቅሎ። ጠብታው ልሙን አፈር ይመታዋል፣ የደቀቀው ሸክላና ደለል ወደ ክፍተቶቹ ገብቶ ይደፍናቸዋል፣ ፀሐይ ሲወጣም ፊቱ ቅርፊት ይሠራል። ከሥሩ የበቀለው ሰላጣ ቅርፊቱን ለመግፋት አቅም የለውም። እዚያው ተጣምሞ ይቀራል። ባለቤቱ አፈሩን ገለጥ አድርጎ ካላየው ዘሩ አልበቀለም ይላል፤ ሻጩንም ይከሳል።

ያ ቅርፊት ሌላም መዘዝ አለው። ውሃ አያስገባም፤ ስለዚህ ጎርፍ ይሆናል። ተዳፋት ላይ ከሆነ የደቀቀው አፈር መጀመሪያ የሚታጠበው ነው፤ መድረሻውም ቦርከና ነው። ወንዙ በክረምት ቡናማ ሆኖ ሲወርድ የሚያየው የደሴ ሰው ከየት እንደመጣ ያውቃል።

ታዲያ ልክ የሆነው ልስላሴ የቱ ነው? ለማፍያ መደብ አብዛኛው እንክብል ከአንድ እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ቢሆን በቂ ነው፤ በመካከሉ ሽምብራ የሚያህል ጓል መታየቱ ጌጥ እንጂ ነውር አይደለም፣ የዝናቡን ምት ይሰብራልና። ከዘሩ በታች ያለው አፈር ደግሞ ጠበቅ ማለት አለበት፤ ዘር ከአፈር ጋር ካልተነካካ ውሃ አይስብም። በሮታቬተር በጣም የተናፈሰ አፈር ላይ ዘር ሲዘራ ይሰምጣል፣ ዙሪያው ባዶ ነው፣ የላዩ አፈርም በአንድ ከሰዓት ፀሐይ ይደርቃል። ለዚህ ነው የድሮ አትክልተኞች መደቡን አስተካክለው በጣውላ መታ መታ የሚያደርጉት። ከዘሩ በኋላ ደግሞ ስስ የሣር ጉዝጓዝ ማልበስ፣ ወንፊት ባለው ማጠጫ ማጠጣት፣ ቡቃያው ብቅ ሲል ጉዝጓዙን ቶሎ ማንሣት ይገባል። ይህ ሁሉ በጽሑፉ ውስጥ የለም።

ጥልቀትን በሚመለከት አጭር ልሁን። ጥልቅ እርሻ ሁልጊዜ ይሻላል ይላሉ። የሰላጣ ሥር አብዛኛው በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው፤ የጎመን ትንሽ ወረድ ይላል። ከሥር ጠጣር ንጣፍ ካለ መስበሩ ይጠቅማል፤ ከሌለ ግን ናፍጣ ማቃጠል ነው። መኖሩን ማወቂያው ቀላል ነው፤ አፈሩ እርጥብ ሳለ ቀጭን ብረት ወደ ታች መግፋት፤ በየቦታው በተመሳሳይ ጥልቀት ላይ እንቢ ካለ ንጣፉ አለ። የሚሰበረውም አፈሩ ደረቅ ሲሆን ነው፤ ያኔ ይሰነጣጠቃል። እርጥብ ሆኖ ቢሰበር ብረቱ ያለፈበት መሥመር ብቻ ተቆርጦ ይቀራል። ጸሐፊው ጥልቅ እርሻውን የሚመክሩት ግን ዝናብ እንደጣለ፣ መሬቱ ለስለስ ሲል ነው።

ይህ ደግሞ ዋናው ጉዳይ ላይ ያደርሰናል።

አንድ የኮምቦልቻ ጎረቤቴ የተከራየው ትራክተር ተራው የደረሰው ዋልካው ገና ውሃ እንደጠገበ ነበር። ሹፌሩ ሌላ ቀን አልመለስም አለ፤ ታረሰ። ዲስኩ ያወጣው አፈር ጎን ጎኑ እንደ ቅባት ያብለጨልጭ ነበር። ከሳምንት በኋላ ያ የሚያብለጨልጭ ቁራጭ ወደ ጡብነት ተለወጠ፤ ቀሪው ወቅት በሙሉ በዶማ ጓል ሲመታ አለፈ። ጎማው የረገጠበት መሥመርም ጎመኑ እስኪታጨድ ድረስ በቁመት ማነስ ይታወቅ ነበር። ማረሻም ቢገባበት ይጎዳው ነበር፤ ክብደቱ ስላነሰ ብቻ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ዋልካ ጠባየኛ አፈር ነው። ውስጡ ያለው ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍተው በዚህ ምክንያት ነው። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይደነድናል፤ ለሥራ የሚመቸው በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት ቀን ነው። ያን ቀን ለማወቅ ከሚታረስበት ጥልቀት እፍኝ አፈር አንሥቶ በመዳፍ መካከል ማንከባለል ይበቃል። ሳይሰበር 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክር ከወጣው ገና ነው፤ በሬውም ትራክተሩም ይቁም። ክር ሊሆን ሲል ከተፈረካከሰ ሰዓቱ ደርሷል። እንኳን ክር ሊሆን ጓሉ በጣት አልሰበር ካለ ደግሞ አልፏል።

ካለፈስ? ጸሐፊው ሮታቬተር ጨምሩበት ይላሉ። ዋልካ ግን ራሱን የሚሰብርበት መንገድ አለው። ጓሉን እንደወጣ ትቶ ቀለል ያለ ውሃ ማጠጣት፣ ማድረቅ፣ እንደገና ማጠጣት፤ ማበጥና መኮማተር ሲፈራረቁበት ከላዩ ይፈረካከሳል። በብረት ሲመታ አንድ ቀን ከሚፈጅ ሥራ ይልቅ ሁለት ጊዜ ማጠጣት ይቀላል። ለዚህ መስኖና ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ መስኖ የሌለው ሰው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን የበልግ ጠብታዎች ለዚህ ይጠቀምባቸው።

ለደሴም ለኮምቦልቻም አንድ አሠራር ይበቃል የሚለውን ነጥብ ሳነብ ጸሐፊው ሐረጎን ወርደው ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠይቄአለሁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ ይወርዳል። ይህ በአማካይ የአራት ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ነው። ደሴ ላይ ችግራችን ብርድና ርጥበት ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አለ፣ በክረምት ቦሩ ሜዳን በመሳሰሉ ለጥ ያሉ ቦታዎች ውሃ ይተኛል። ስለዚህ በክረምት መደቡ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ውሃው ካልወረደ ችግኙ ከአንገቱ በስብሶ ይወድቃል። ኮምቦልቻ ላይ በበጋ ተመሳሳይ ከፍ ያለ መደብ ማውጣት ውሃን በነፋስ መስጠት ነው፤ እዚያ መደቡ ከመሬት ዝቅ ብሎ ዙሪያው ተክቦ ውሃ ይይዛል። በክረምት ግን ዋልካው ላይ እንደገና ከፍ ይላል። አንድ አምራች በአንድ ዓመት ሁለቱንም ይሠራል ማለት ነው።

ሰላጣን ደግሞ ለይቼ ላንሣ፤ ጽሑፉ ኮምቦልቻ ላይ ሰላጣ አለመብቀሉን የማረሻ ጥፋት አድርጎታልና። የአፈር ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲያልፍ ብዙዎቹ የሰላጣ ዝርያዎች ይተኛሉ፤ ዘሩ ሳይሞት አልበቅልም ይላል። በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ላይ ባዶውን የተሰጣ ጥቁር አፈር ከዚያ በላይ ይግላል። ይህን የትኛውም ማረሻ አይፈታውም። የሚፈታው ወደ ማታ መዝራት ነው፣ ዘሩ የመጀመሪያውን ውሃ የሚጠጣው በቀዝቃዛው ሰዓት እንዲሆን፤ ከዚያም ዳስ መሥራት። ወይም ችግኙን ደሴ ላይ አፍልቶ ማውረድ ነው። ሰኞ ገበያ የሚሸጠው ሰላጣ ከየት ወዴት እንደሚመላለስ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም።

አረምን በሚመለከት ሮታቬተር አረምን ከሥሩ ያጠፋል ብለዋል። ለዓመታዊ ቡቃያ አረም እውነት ነው፤ ለሰርዶና ለእንግጫ ግን ተቃራኒው ነው። የሰርዶ ሐረግ በምላጭ ሲቆራረጥ እያንዳንዱ አንጓ ራሱን ችሎ ይበቅላል፤ አንድ የነበረው መቶ ይሆናል፣ በማሳው ሁሉ ተዘርቶ። ሰርዶ ያለበት መሬት በሹካ መቆፈሪያ ወይም በማረሻ ተስቦ፣ ሥሩ ተለቅሞ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ቃሉ ሜዳ ላይ የሰለጠነብን ፓርቲኒየም ደግሞ ከማበቡ በፊት መነቀል ያለበት ነው፤ ዘሩ ከበሰለ በኋላ ማረስ መቅበር ነው፣ የተቀበረው ዓመታት ቆይቶ ሌላ እርሻ ወደ ላይ ሲያወጣው ይበቅላል። ለቅጠላ ቅጠል የሚሻለው መደቡን አዘጋጅቶ ማጠጣት፣ አረሙ እንዲበቅል ከ10 እስከ 14 ቀን መጠበቅ፣ ከዚያ ከሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ፊቱን በመኮትኮቻ ጭሮ ወዲያው መዝራት ነው። ጥልቅ ቢነካ አዲስ የአረም ዘር ይቀሰቀሳል። ይህ ዘዴ ከጸረ አረም ወጪ ያድናል፤ ገበያ የሚያጣድፈው ሰው ግን ሁለቱን ሳምንት መስጠት ይከብደዋል። እኔም ሁልጊዜ አላደርገውም።

ሳያርሱ ማልማት ቅዠት ነው ለሚሉት በሁለት በኩል መመለስ አለብኝ፤ የሚያጋንኑት ወገኖችም ስላሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናት ከ63 አገሮች፣ በ48 ሰብሎች ላይ የተሠሩ 610 ጥናቶችን ሰብስቦ አነጻጽሯል። በጥቅሉ ሳያርሱ የተመረተው በ5.7 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የአፈር ሽፋንና ሰብል ማፈራረቅ ተጨምረው በዝናብ በሚለማ ደረቅ አካባቢ ሲሠራ ግን 7.3 በመቶ ብልጫ አሳይቷል። ስለዚህ ቅዠትም አይደለም፣ ተአምርም አይደለም፤ ቦታ የሚመርጥ አሠራር ነው።

ለቅጠላ ቅጠል ሲተረጎም እንዲህ ነው። የጎመን ችግኝን ባልታረሰና በገለባ በተሸፈነ መሬት ላይ ጉድጓድ እየከፈቱ መትከል ይሠራል፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሽፋኑ ሙቀት ይቀንሳል፣ ውሃ ያቆያል። የሰላጣን ዘር በወፍራም ገለባ ሥር መበተን ግን ዘር መጣል ነው። ደሴ ላይ ገለባው ቀድሞውንም የቀዘቀዘውን አፈር የበለጠ ያቀዘቅዘዋል፣ እድገቱን ያዘገያል፣ በክረምት የቀንድ አውጣና የቆራጭ ትል መጠለያ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ገለባው ከየት ይመጣል? በወሎ የጤፍ ገለባ የከብት ቀለብ ነው፤ የማሽላ አገዳ ቀለብም፣ ማገዶም፣ አጥርም ነው። ላም ያላት እናት ገለባዋን ጎመን ሥር አንጥፊ ብንላት ብትስቅብን እውነቷን ነው። ልቅ ግጦሽ ባልቆመበት መንደር ደግሞ የተነጠፈው ቢነጋ አይገኝም። ጸሐፊው ይህን አንሥተው ቢከራከሩ ኖሮ ነጥቡን ያሸንፉ ነበር።

የመካከለኛው መንገድ ጽሑፉ ውስጥ ጭራሽ አለመነሣቱ ይገርመኛል፤ ቋሚ መደብ። አንድ ጊዜ በደረቁ በጥልቀት ተከፍቶ፣ ፍግና ብስባሽ ገብቶበት፣ ከአንድ ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው መደብ ይወጣል፤ ከሁለቱም ወገን እጅ መካከሉ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እግር አይረግጠውም። መተላለፊያው ለዘለቄታው መተላለፊያ ነው፣ መደቡም መደብ። በየወቅቱ የሚነካው የላይኛው አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ አፈሩ ስላልተረገጠ ብዙ መቆፈር አያስፈልገውም። ለቆስጣና ለሰላጣ የምጠቀመው ይህንኑ ነው። ለትልቅ የጎመን ማሳ አይመችም፤ እዚያ በሬዬን እጠምዳለሁ።

የመጨረሻው ነጥብ ወጪ ነው። ዶማ የጉልበት ብክነት ነው ይላሉ፤ ለአንድ ጥማድ ከሆነ ልክ ናቸው። ለጓሮ መደብ ግን ዶማ የማይገባበት ጥግ የለም፣ ነዳጅ አይጠይቅም፣ እርጥበቱ የተመቸ ዕለት በእጅ ነው። ማኅበራት ተደራጅተው ትልቅ ትራክተር ይግዙ የሚለው ምክር ግን ያሳስበኛል። የአትክልት ማሳዎቻችን ቁርጥራጭ ናቸው፤ በእርከንና በቦይ የተከፋፈሉ ናቸው። ትልቅ ትራክተር መዞሪያ ብቻ የማሳውን ጫፍና ጫፍ ይወስድበታል፤ የዞረበትም ይደቀደቃል። የሚገዛ ከሆነ በእጅ የሚነዳው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ይቅረብ፤ ክብደቱ ይቀንሳል፣ እርከን ላይ ይወጣል። ሮታቬተሩን ከ10 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት፣ በዝቅተኛ ዙር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ማሳለፍ ይበቃል። ማኅበሩ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የጥልቀት ማስተካከያ አለው ወይ፣ ምላጩ ሲበላ መለዋወጫው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ይገኛል ወይ፣ ጓል በበዛበት በገዛ ማሳቸው ላይ ነድቶ ያሳያቸዋል ወይ።